የፑቲን ወዳጅነት እስከ የት ያደርሳል?

ቪዲዮው አሁንም ኢንተርኔት ላይ አለ። ቀኑ ፌብሩዋሪ 21፣ 2022 ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት፣ ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ቦታው ክሬምሊን፣ ዓምድ የበዛበት ክብ አዳራሽ። ፑቲን ለብቻቸው ጠረጴዛ ይዘው ተቀምጠዋል። የጸጥታ ምክር ቤቱ አባላት ራቅ ብለው በወንበር ተደርድረዋል። የሀገሪቱ ቁንጮ ባለሥልጣናት ናቸው። አንድ በአንድ እየተነሱ ሐሳባቸውን ይናገራሉ። ጥያቄው በምሥራቅ ዩክሬን ላሉት ዶኔትስክና ሉሃንስክ እንደ ነጻ ሀገር እውቅና ይሰጥ ወይስ አይሰጥ የሚል ነው።

ተራው የውጭ ስለላ ድርጅቱ ኃላፊ የሰርጌይ ናሪሽኪን ሆነ። ለምዕራባውያን የመጨረሻ ዕድል እንስጣቸው ብለው ጀመሩ። ፑቲን አቋረጧቸው። ምን ማለትዎ ነው? እንደራደር ነው የሚሉት? ሰውዬው መንተባተብ ያዙ። ‹‹እደግፋለሁ›› ለማለት ፈልገው ወደፊት እደግፍ ይሆናል የሚል ዓይነት ነገር አመለጣቸው። ፑቲን ፈገግ ብለው በግልጽ ይናገሩ አሏቸው። ናሪሽኪን ተደናግጠው ግዛቶቹ ወደ ሩሲያ እንዲቀላቀሉ እደግፋለሁ አሉ። ፑቲን፦ እሱን እኮ አይደለም የምናወራው፣ ስለ እውቅና ነው። ናሪሽኪን፦ አዎ፣ እውቅናውን እደግፋለሁ። ፑቲን፦ በቃ፣ ይቀመጡ።

የዓለም ትልልቅ ምስጢሮች በእጃቸው የሚያልፉ የስለላ አለቃ፣ መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ ፊት እንዳቆመው ተማሪ ላብ አጠመቃቸው። ይህ ሁሉ በቴሌቪዥን ታየ። ሊቆርጡት ይችሉ ነበር፤ አልቆረጡትም። በሦስተኛው ቀን ጦርነቱ ተጀመረ።

ስለ ሩሲያ በዓለም ላይ ስላላት ተጽዕኖ ሳስብ ከሚሳኤሎቹ በፊት የሚመጣብኝ ይህ አዳራሽ ነው። የሩሲያ ጉልበትም ድካምም ከዚያ የሚመነጭ ይመስለኛል።

ፑቲን እዚያ ጠረጴዛ ጋ እንዴት እንደደረሱ ባጭሩ ልለፈው። ሌኒንግራድ ተወለዱ፣ የሶቭየት የስለላ ድርጅት የነበረው ኬጂቢ ገቡ፣ ምሥራቅ ጀርመን ድሬስደን ውስጥ ሠሩ። ሶቭየት ኅብረት ስትፈርስ በትውልድ ከተማቸው ከንቲባ ቢሮ ነበሩ። ኦገስት 1999 ብዙ ሰው ስማቸውን በቅጡ ሳያውቀው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። የዚያው ዓመት የመጨረሻ ቀን ቦሪስ የልትሲን በቴሌቪዥን ቀርበው ሥልጣን ለቅቄያለሁ አሉ። ሩሲያውያን አዲሱን ዓመት የተቀበሉት በአዲስ መሪ ነው። በ2008 ሕገ መንግሥቱ ከሁለት ተከታታይ ዙር በላይ አይፈቅድም ሲል ወንበሩን ለዲሚትሪ ሜድቬዴቭ ለቀው ራሳቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በ2012 ተመለሱ። ሲመለሱ የፕሬዚዳንቱ የሥልጣን ዘመን ከ4 ወደ 6 ዓመት ተራዝሞ ጠበቃቸው። በ2020 ደግሞ ሕገ መንግሥቱ ተሻሻለና ያለፉት ዙሮች እንዳልተቆጠሩ ተደረገ። ስለዚህ ሕጉ እስከ 2036 ድረስ መንገዱን ከፍቶላቸዋል። ተቀናቃኛቸው አሌክሴይ ናቫልኒ ፌብሩዋሪ 2024 በአርክቲክ እስር ቤት ውስጥ ሞቱ። በወሩ በተደረገው ምርጫ ፑቲን 87 በመቶ ድምፅ አገኙ ተባለ።

ታዲያ በአንድ ሰው ዙሪያ ያለው ቤተ መንግሥት እንዴት ነው የሚሠራው? ለእኛ ብዙ ማብራሪያ የሚፈልግ አይመስለኝም። ደጅ ጥናትን የምናውቅ ሕዝብ ነን። ማንም ብቻውን እንዳይገዝፍ አንዱን በሌላው ማመዛዘን፣ ሲያስፈልግም ሹም ሽር ማድረግ ነው። በአንድ ወገን የደህንነትና የጦር ሰዎች አሉ። በሌላ ወገን ቁጥር የሚያውቁት አሉ፣ እንደ ጠቅላይ ሚኒስትር ሚሹስቲንና እንደ ማዕከላዊ ባንክ ገዢዋ ኤልቪራ ናቢዩሊና። ናቢዩሊና ከ2013 ጀምሮ ቦታቸው ላይ ናቸው። በጦርነቱ መሃል የዋጋ ንረትን ለመግታት ወለዱን 21 በመቶ አድርሰውት ነበር፣ ፋብሪካ ያላቸው ከበርቴዎች እየጮሁባቸው። ሜይ 2024 ላይ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ከመንፈቅ መከላከያን የመሩት ሾይጉ ተነሱና አንድሬይ ቤሎውሶቭ የሚባሉ የኢኮኖሚ ባለሙያ ተተኩ። ጦሩን የሒሳብ ሰው ይያዘው ማለት ነው። ሾይጉ ግን አልተጣሉም፤ የጸጥታ ምክር ቤቱ ጸሐፊ ሆኑ። በዚህ ቤት የታመነ ሰው ወንበር ይቀየርለታል እንጂ ሜዳ ላይ አይጣልም።

የከዳ ሰው ግን ሌላ ነው። ዋግነር የተባለው የቅጥር ተዋጊዎች ቡድን መሪ ፕሪጎዢን ጁን 2023 በደቡብ ሩሲያ ያለችውን ሮስቶቭን ይዘው ታንክ ወደ ሞስኮ ነዱ። መንገድ ላይ ሐሳባቸውን ቀየሩ። ልክ በሁለት ወሩ አውሮፕላናቸው ወደቀ። ከዚያ በኋላ ወደ ሞስኮ ታንክ የነዳ የለም።

ወደ ዓለሙ ልመለስ። ሩሲያ በገንዘብ ስትለካ ሰው እንደሚያስባት ግዙፍ አይደለችም። ኢኮኖሚዋ በዶላር ከጣሊያን ብዙ አይርቅም። በ2022 ከመላው አፍሪካ ጋር ያደረገችው ንግድ 18 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በዚያው ዓመት የቻይናና የአፍሪካ ንግድ 282 ቢሊዮን ነው። መንገድ ትሠራልን ብሎ ወደ ሞስኮ የሚሮጥ የለም፤ ለመንገድ ቤጂንግ አለች።

ሞስኮ የምትሸጠው ዕቃ ሌላ ነው። ሌሎች አንሰጥም ያሉትን፣ ሳትጠይቅና ሳታንገራግር፣ ቶሎ ትሰጣለች። ቶሎ የሚለው ቃል ይሰመርበት። አሜሪካ መሣሪያ ልትሸጥ ስትል ኮንግረሱ ይጠይቃል፣ ጋዜጣው ይጽፋል፣ የሰብአዊ መብት ሪፖርት ይወጣል። ሞስኮ ውስጥ የሚወስነው አንድ ሰው ነው። በ2014 ክሪሚያ በሳምንታት ውስጥ ተያዘች። ሴፕቴምበር 30፣ 2015 የሩሲያ ምክር ቤት ወታደር ወደ ውጭ ይላክ ብሎ በፈቀደ በዚያው ቀን ሶሪያ ላይ ቦምብ መዝነብ ጀመረ። ፈረንሳይ ጥላቸው ስትወጣ ወይም ሲያባርሯት የማሊ፣ የቡርኪና ፋሶና የኒጀር መኮንኖች ማንን እንደጠሩ ይታወቃል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? ጨንቋቸው ነበር። ሩሲያ ደግሞ ምርጫ መቼ ነው ብላ አትጠይቅም።

ሁለተኛው ዕቃ እጅ ማውጣት ነው። በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ውስጥ ውሳኔ የመሻር መብት ያላት አንዲት እጅ ከአሥራ አራት እጅ ትበልጣለች። ኦገስት 2023 ማሊ ላይ የተጣለው ማዕቀብ ይራዘም ሲባል ሩሲያ ብቻዋን አይሆንም አለች፣ ማዕቀቡ ቀረ። ኖቬምበር 2024 ሱዳን ውስጥ ተኩስ ይቁም የሚል ሐሳብ ቀረበ። አሥራ አራቱ አባላት ደገፉ። ሩሲያ ሻረችው። ለዚህ ሥራ አንድ ዶላር አልወጣም። እዚያች ወንበር ላይ የሚቀመጥ ወዳጅ ያለው መንግሥት ግን ሌሊት እንቅልፍ ይወስደዋል።

ይህን ስሜት እኛም ቀምሰነዋል። በሰሜኑ ጦርነት ወቅት ሩሲያና ቻይና የኢትዮጵያ የውስጥ ጉዳይ ነው እያሉ ጠንከር ያለ ውሳኔ እንዳይወጣ ሲከላከሉ፣ አዲስ አበባ ላይ በ2021 በተደረገ ሰልፍ የፑቲንና የሺ ጂንፒንግ ፎቶ ከፍ ብሎ ታየ። በዓመቱ ዩክሬን ስትወረር መንግሥታችን ውለታውን አልረሳም። ማርች 2፣ 2022 ጠቅላላ ጉባኤው ወረራውን በ141 ድምፅ ሲያወግዝ አምስት ሀገሮች ተቃወሙ፤ ከነሱ አንዷ ኤርትራ ናት። ኢትዮጵያ ድምፅ አልሰጠችም። በወሩ ሩሲያ ከሰብአዊ መብት ምክር ቤት ትታገድ ሲባል ግን ኢትዮጵያ በግልጽ ተቃወመች። ጁላይ ላይ የሩሲያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ላቭሮቭ አዲስ አበባ መጡ።

ከዚህ ሁሉ ለኔ የማይረሳኝ የኤፕሪል 2022ቱ ሰልፍ ነው። በሩሲያ ኤምባሲ በር ላይ ብዙ መቶ ወጣቶች ወረቀታቸውን ይዘው ተሰልፈው ነበር። ሩሲያ ለሚዘምትላት ሰው ጥሩ ብር ትከፍላለች የሚል ወሬ ተነዝቶ ነበር። ኤምባሲው እኛ ተዋጊ አንመለምልም ብሎ መግለጫ አወጣ። ልጆቹ የፑቲን ደጋፊ ሆነው የቆሙ አይመስለኝም። ሥራ ፍለጋ ነው። እንጀራ የሚገኝበት ሰልፍ መስሏቸው ነው።

ፍቅሩ ግን እንዲሁ ከሰማይ የወረደ አይደለም። አያቶቻችን ሩሲያን መስኮብ ይሏት ነበር። በአድዋው ዘመን የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች መጥተው ቁስለኛ አክመዋል። ባልቻ ሆስፒታልን የምናውቀው በሩሲያ ቀይ መስቀልነቱ ነው። የፑሽኪን ቅድመ አያት የኛ ሰው ነበር ብለን እንኮራለን። (አይ፣ ከካሜሩን አካባቢ ነው የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ። እዚህ ግን ይህን ጮክ ብሎ መናገር ወዳጅ አያበዛም።) በደርግ ዘመን ሩሲያ የተማረ ሰው የሌለበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። የኮንትራት ታክሲን እኮ መኪናው ቶዮታም ሆነ ሌላ ‹‹ላዳ›› ነው የምንለው።

ከሁሉም በላይ ግን ኦጋዴን አለ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የዛሬዋን ሞስኮ ለመረዳት ከዚያ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። በ1969 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የሶማሊያ ጦር ምሥራቅ ኢትዮጵያን ሲወር የታጠቀው በአብዛኛው የሶቭየት መሣሪያ ነበር። ዚያድ ባሬ የሞስኮ ወዳጅ ነበሩ። በፈረንጆቹ 1974 የወዳጅነት ስምምነት ተፈራርመዋል፣ በርበራ ላይ ሶቭየቶች የባሕር ኃይል ይዞታ ነበራቸው። እኛ ደግሞ የአሜሪካ ደንበኛ ነበርን። ሞስኮ ሁለቱንም ልታስታርቅ ሞከረች፣ አልሆነላትም። ምረጪ ሲባል ትልቋን ሀገር መረጠች። ባሬ በንዴት ሶቭየቶችን አባረሩ። ወዲያው በአየርና በባሕር ታንኩ፣ መድፉ፣ ሚግ የተባለው የጦር አውሮፕላን ወደ ኢትዮጵያ ጎረፈ። ዕቅዱን የሶቭየቱ ጄኔራል ፔትሮቭ ያዙት፣ የኩባ ወታደሮች መጡ። የካቲት 1970 ዓ.ም. ላይ ጅጅጋ ተመለሰች። (የሰማዩን የበላይነት የያዘው ግን የአሜሪካው ኤፍ-5 እና የኛው አብራሪዎች ናቸው። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል።)

ይህን ታሪክ እንደ ውለታ መንገር ለምደናል። ውለታም ነው። አንድ ጊዜ ግን ከሞቃዲሾ በኩል ሆናችሁ እዩት። ለዓመታት የታመነ ወዳጅ በጥቂት ወራት ውስጥ ሙሉ መጋዘኑን ለጠላት አስረከበ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ደግሞ እኛ እናውቀዋለን። ሞስኮ ላይ ጎርባቾቭ መሪ ሆነው መጡ፣ የራሳቸው ቤት እየፈረሰ ነበር፣ መሣሪያው ቀነሰ። ሜይ 1991 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ወደ ዚምባብዌ ሲሄዱ ያዳናቸው መስኮብ አልነበረም። በሰባት ወሩ ሶቭየት ኅብረት ራሷ አልነበረችም። የቀረን በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር የመሣሪያ ዕዳ ነው። እሱንም አብዛኛውን ኋላ ላይ ሩሲያ ሰርዛልናለች፣ ይህም ይነገር።

የዛሬዋ ሩሲያ ከዚያችኛዋ ትለያለች የሚል ካለ አርመኖችን ይጠይቅ። አርመኒያ ሩሲያ በምትመራው የጦር ኅብረት ውስጥ አባል ናት። አዘርባጃን ውስጥ አርመኖች ይኖሩበት በነበረው ናጎርኖ ካራባህ ላይ 2,000 የሚሆኑ የሩሲያ ሰላም አስከባሪዎች ሰፍረው ነበር። ሴፕቴምበር 2023 አዘርባጃን ገባች። በአንድ ቀን ውጊያው አለቀ። ሰላም አስከባሪዎቹ ቆመው አዩ። ከመቶ ሺህ በላይ አርመኖች ዕቃቸውን መኪና ላይ ጭነው ተሰደዱ። ሞስኮ እጇ ዩክሬን ላይ ተይዟል። ከዚህም በላይ ማዕቀብ ለተጣለባት ሀገር የቱርክና የአዘርባጃን መንገድ ያስፈልጋታል። ከሁለት ዓመት በኋላ የአርመኒያና የአዘርባጃን መሪዎች እጅ ለእጅ የተጨባበጡት ዋይት ሐውስ ውስጥ ነው።

ቀጥሎ የሶሪያ መሪ የነበሩት በሽር አል አሳድ። ሩሲያ ለዘጠኝ ዓመት ያህል ቦምብ ጥላላቸዋለች፣ በጸጥታው ምክር ቤት ደጋግማ እጇን አውጥታላቸዋለች። ኖቬምበር 2024 መጨረሻ አማፂዎች ከኢድሊብ ተነሱ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ዲሴምበር 8 ደማስቆ ገቡ። አሳድ የተረፈላቸው የሞስኮ አውሮፕላን ነው። ኦክቶበር 2025 ላይ ደግሞ አዲሱ የሶሪያ መሪ አህመድ አል ሻራ ክሬምሊን ገብተው ከፑቲን ጋር ተጨባበጡ። የሩሲያ አውሮፕላኖች ለዓመታት ሲደበድቡት የኖሩት የኢድሊብ ጦር መሪ እኮ ናቸው! ሩሲያ በሶሪያ ባሕር ዳርቻ ያሏትን ሁለት የጦር ሰፈሮች ማጣት አትፈልግም። ሰው ይቀየራል፣ ወደቡ ይቆይ ነው ነገሩ። ዚያድ ባሬ በሕይወት ቢኖሩ በዚህ አይገረሙም ነበር።

ያ አዳራሽ ሁለት ፊት አለው ያልኩት ለዚህ ነው። አንድ ሰው የሚወስንበት ቤት ቶሎ ይደርስልሃል። ያው አንድ ሰው ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሲያዝ ግን በሩን የምታንኳኳለት ሌላ ክፍል የለም። ዋሽንግተን ውስጥ ፕሬዚዳንቱ ቢያኮርፍህ ሴናተር ትፈልጋለህ፣ ጋዜጠኛ ትፈልጋለህ፣ የዲያስፖራ ማኅበር ሰልፍ ይወጣልሃል። ኢትዮጵያውያን በአሜሪካ ይህን ጨዋታ በደንብ ያውቁታል። ሞስኮ ውስጥ ግን ምንም ያህል ሰልፍ ብትወጣ የሚሰማህ የለም። ሰልፍ መውጣቱ ራሱ ያሳስራል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ነገር አለ። ሩሲያ ስትንቀሳቀስ ወዳጁም ጠላቱም እኩል ይከፍላል። ከዓለም አንደኛዋ ስንዴ ላኪ ናት። ከትልልቆቹ የማዳበሪያና የነዳጅ ሻጮች አንዷም እሷ ናት። ጦርነቱ ሲጀመር ዘይት፣ ነዳጅና ማዳበሪያ ምን እንደሆኑ የጎጃም ገበሬም የመርካቶ ነጋዴም ያውቃል። ጁላይ 2023 ሞስኮ ዩክሬን እህሏን በባሕር እንድትልክ ከሚያስችለው የጥቁር ባሕር የእህል ስምምነት ወጣች። በዚያው ወር ፑቲን ሴንት ፒተርስበርግ ላይ የአፍሪካ መሪዎችን ሰብስበው ለስድስት ሀገሮች ነጻ እህል እንደሚሰጡ ቃል ገቡ፤ ኤርትራና ሶማሊያ አሉበት። ገበያውን በአንድ እጅ አጥብቦ በሌላው ኩንታል መመጽወት እንደማለት ነው። መሪዎቹ አጨበጨቡ፤ አንዳንዶቹ ግን እህሉ ይቅርብን፣ ስምምነቱ ይመለስ ማለታቸው አልቀረም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ቶሎ የማያልቀው ዕቃ ነው። የኑክሌር ኃይል። ሮሳቶም የተባለው የሩሲያ መንግሥት ድርጅት ግብፅ ኤል ዳባ ላይ አራት ባለ 1,200 ሜጋዋት ማብላያዎችን እየገነባ ነው። ሞስኮ ለዚህ 25 ቢሊዮን ዶላር አበድራለች። ሴፕቴምበር 2025 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድ ሞስኮ በነበሩበት ጊዜ ኢትዮጵያና ሮሳቶም የኑክሌር ማመንጫ የሚያስገነባ የሥራ ዕቅድ ተፈራረሙ። ኢትዮጵያ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ የብሪክስ አባል ናት፣ ህዳሴ ግድብን መርቃ ገና ሁለት ሳምንቷ ነበር። መብራት ያስፈልገናል፣ በዚህ አልከራከርም። የኑክሌር ማመንጫ ግን እንደ ሚግ አይደለም። ስድሳ ዓመትና ከዚያ በላይ ይሠራል። ነዳጁ፣ መለዋወጫው፣ ባለሙያው፣ ቆሻሻውን የሚወስደው ሁሉ ከሻጩ ጋር ያስተሳስርሃል። አሳድ ጥለው መሄድ ችለዋል። ማብላያ ጥሎ አይኬድም።

ስለዚህ ጥያቄው ፑቲን ወዳጅ ናቸው ወይስ አይደሉም የሚል አይመስለኝም። ከሳቸው በኋላ ስልኩን የሚያነሳው ማን ነው? ኦክቶበር 2025 ላይ 73 ዓመት ሞላቸው። ሕጉ በፈቀደላቸው 2036 ቢወርዱ 83 ይሆናቸዋል። ምክትል ፕሬዚዳንት የላቸውም፤ ሕገ መንግሥቱ ፕሬዚዳንቱ ቢታጣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለጊዜው ይተካ ነው የሚለው። ወራሽ ብለው በግልጽ ያሳዩት ሰው የለም። ማሳየት ራሱ አደጋ አለው፤ ወራሹ ከታወቀ ደጅ የሚጠናው እሱ ጋ ይሆናል።

ሴፕቴምበር 3፣ 2025 ቤጂንግ ላይ ወታደራዊ ሰልፍ ነበር። ፑቲንና ሺ ጂንፒንግ ጎን ለጎን እየተራመዱ ያወራሉ። ማይክሮፎኑ መከፈቱን አላወቁም። የፑቲን አስተርጓሚ ሲናገር ተሰማ፦ ባዮቴክኖሎጂ እያደገ ነው፣ የሰው አካል ክፍል ደጋግሞ መተካት ይቻላል፣ ሰው እያደር ወጣት ሊሆን፣ ምናልባት ሞትንም ሊያመልጥ ይችላል። ሺ መለሱ፦ በዚህ ምዕተ ዓመት ሰው እስከ 150 ዓመት ሊኖር ይችላል የሚሉ አሉ። በኋላ ጋዜጠኞች ሲጠይቋቸው ፑቲን አልካዱም። አዎ፣ ስለዚህ ጉዳይ አውርተናል አሉ።